የሩቂያ አበባ ዛሬም አልጠወለገም

ጥር 14 ቀን 2016፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ባርኮት ናት፤ የሰርጓን ጉዳይ እየጻፍኩ እንዳልረሳ። ልጄ የካቲት 24 ትዳራለች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ድንኳን ተይዟል። ለወጥ ሠሪዎቹ ተነግሯል። በሬው የደረጀ ሥራ ነው፤ ባል ለምን ሆነ። "አበባ" ከሚለው ጎን "እኔ" ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሐረር ላይ አስራ ሁለት ዓመት አበባ የሸጥኩ ሴት ለልጄ ሰርግ ሌላ ምን ልጽፍ ኖሯል?

ባርኮት ገጹን አየችው። ያን ሰሞን እንኳ ብታርፊ፣ አበባውን ለሰው ብንሰጠው አለችኝ። ለማን አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ስም አልጠራችም፣ እኔም አልጠራሁም፤ ግን ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ሰው ነው።

ሩቂያ።

ሁለት ዓመት እኔ ሱቅ ሠርታ፣ እቅፍ እንዴት እንደሚታሰር ከእኔ ተምራ፣ አንድ ቀን ጠዋት ሳትሰናበተኝ ወጣች። ከዚያ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ ገበያ ላይ የራሷን ከፈተች። ይኸው ሦስት ዓመቷ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም።

ጥር 18፣ ቅዳሜ

ሁለት ሰርግ። እግሬ አብጧል። ከአንደኛው የሙሽራዋ እናት ደውላ አበባው ገና ኬክ ሳይቆረስ አንገቱን ደፋ አለችኝ። ፀሐዩ ነው አልኳት።

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። አንደኛዋ፣ "የሩቂያን ግዢ፤ ሳምንት ሙሉ ሳሎንሽ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል" ትላለች። ቀጥ ብሎ ይቆማል! አበባ ነው ወታደር? ቤቴ ሳልደርስ ወረድኩና በእግሬ መጣሁ።

ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

ትናንት ከሥዕሏ ፊት ያስቀመጥኩት ጽጌረዳ ዛሬ ሲቀደስ ጎንበስ ብሎ ነበር። ከጎኑ ሌላ ሰው ያመጣው ቀጥ ብሏል። ከማን እንደተገዛ አልጠየቅሁም። በማርያም ፊት ቆሜ ስለ ባልዲ አበባ ሳስብ ማስቀደሴ ራሱ ኃጢአት ሆነብኝ። ይቅር በይኝ ብዬ ወጣሁ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ግን ደግሞ ዞሬ አየሁት።

ጥር 24፣ ዓርብ

አንድ ነገር አደረግሁ። ለማንም አልናገርም።

ጎረቤቴን ገላነሽን ፈረስ መጋላ ልኬ ከሩቂያ አምስት ፍሬ ነጭ ጽጌረዳ አስገዛሁ። ለማን እንደሆነ ከጠየቀችሽ ለራሴ በይ አልኳት። ገላነሽ ስቃ፣ "አቦ አንቺ ደግሞ፣ ራስሽ ከምትሸጪው አትወስጂም?" አለችኝ። ሂጂ ብዬ ገፋኋት።

እንግዲህ ሁሉም እኩል ነው። የሁለታችንም አበባ በአንድ ቀን በአውሮፕላን ድሬዳዋ ይወርዳል፤ በአንድ ሚኒባስ ዳገቱን ይወጣል፤ ሾፌሩ ግማሹን ለእኔ ግማሹን ለእሷ ያወርዳል። የእኔን አምስት ከሳጥኔ አወጣሁ። ሁለት እኩል የአበባ ማስቀመጫ፣ አንድ መስኮት፣ ከአንድ በርሜል የተቀዳ ውሃ። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። ልዩነቱ የሰው ወሬ እንደሆነ አሁን ይታያል።

ጥር 27፣ ሰኞ

የእኔ ሁለቱ አንገታቸው ዘንበል ብሏል። የእሷ አምስቱም ቀጥ።

ስኳር ጨመርኩበት፤ የእኔው ውስጥ ብቻ። ይህ ማታለል አይደለም፣ ሙከራ ነው።

ጥር 30፣ ኀሙስ

ስኳሩ ውሃውን ንፍጥ አስመሰለው። ሦስት ረገፉ። አስፕሪን ፈጭቼ ጨመርኩ። ደረጀ መስኮቱ ጋ ቆሞ አየኝና ራስ ምታት አማቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለስላሳ መጠጥም ይጠቅማል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ግማሽ ጠርሙስ አፈሰስኩበት። ከሰዓት ጉንዳን ብቻ መጣ።

የእሷ አንዱ እምቡጥ ጭራሽ ዛሬ ሊፈነዳ ጀምሯል።

አበባዬን እኮ የማሳድረው ከተማው ውስጥ አለ ከሚባለው ቀዝቃዛ ቦታ ነው። የደረጀ የፍራፍሬ መጋዘን ጓሯችን ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ክንድ ሙሉ ድንጋይ፣ እኩለ ቀን ላይ ገብተሽ ነጠላ የሚያስፈልግሽ ቤት። እሷ ምን አላት? ቁምሳጥን የምታክል ሱቅና በር ላይ የተንጠለጠለ መጋረጃ። የአበባ ጠላቱ ሙቀት ነው። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

የካቲት 5፣ ማክሰኞ

አስራ አንደኛ ቀን። የእኔን ከጣልኩ ቆየሁ። የእሷ ሦስቱ አሁንም አሉ።

ቅናት አይደለም። ቅናት የሚባለው የሌለሽን ስትመኚ ነው። እኔ አበባም ሱቅም ደንበኛም አለኝ። ብቻ መስኮቱን ሳላይ ማለፍ አልቻልኩም። ዛሬ እጄን ዘርግቼ አንዱን ልቀነጥሰው ነበር፤ ከዚያ የገዛሁት እኔ እንደሆንኩ ትዝ አለኝ።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ባርኮት አበባዎቹን አየች። ዕድሜያቸውን ነገርኳት፣ አፌ አላርፍ ብሎ። በጣም ገርሟት የማን ናቸው አለችኝ። የእኔ አልኳት።

ግንዳቸውን የያዘውን ክር በጣቷ ነካ አደረገችው። ከሙዝ ግንድ የተላጠ ክር ነው፤ የፈረስ መጋላ ጫት ሻጮች እስራቸውን የሚያስሩበት ዓይነት። እኔ በሪባን ነው የማስረው። እስካሁን ልብ አላልኩትም ነበር። እሷም ልብ ያለችው አይመስለኝም፤ "ጎበዝ እማ" ብላ ሳመችኝና ወጣች።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ጀጎል ገባሁ። ቅመም ልገዛ። ፈረስ መጋላ ላይ ሻይ አማረኝና አንዱ ካፌ ደጅ ተቀመጥኩ፤ ፊት ለፊቱ የሩቂያ ሱቅ መሆኑ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ሳጥኗን ስትከፍት አየሁ። መቀስ የላትም። በምላጭ ቢላ ግንዱን በሰያፍ ሸርተት አድርጋ ትቆርጣለች፤ ውሃ ውስጥ እንደገባ። ውሃ የሚነካውን ቅጠል ሁሉ ትመለምላለች። እናቷ አጠገቧ ተቀምጠው እስሩን በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልላሉ፤ ንፋስ እንዳይነካው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያቆማሉ። ሴትዮዋ አርባ ዓመት ጫት የሸጡ ናቸው። ጫት ከተቆረጠ በኋላ ካልተጠበቀ በግማሽ ቀን ውስጥ ይሞታል፤ እሳቸው ሕይወታቸውን ሙሉ የሞተ ነገር በሕይወት ሲያቆዩ ነው የኖሩት። እጃቸውን እያየሁ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ሩቂያ አየችኝ። ሮጣ ወጣች፣ ሁለት እጄን ያዘች። "እትዬ ለተማርያም! ባርኮት ልትዳር ነው አሉ፣ ማብሩክ፣ እንኳን ደስ አለዎት። የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ወላሂ እኔ አለሁ" አለችኝ።

ሁሉ ሞልቶልናል አልኳት። ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ውስጥ ንቀት ፈለግሁ፤ ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ቅመሙን ሳልገዛ መጣሁ።

የካቲት 14፣ ኀሙስ

ባርኮት ከሥራ እየዘገየች ትመጣለች። ጀጎል ለሽቶ ሄጄ፣ ለጫማ ሄጄ ትላለች። ጣቷ ላይ ሁለት ቦታ የእሾህ ጭረት አየሁ። ድመት ነው አለች። የማን ድመት እንደሆነ ልጠይቃት ስል ስልኳ ጠራ።

የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት

በአበባው ቀለም ተጣላን። እሷ ሁሉም ነጭ ይሁን ትላለች፤ ነጭና አረንጓዴ ቅጠል ብቻ። እኔ ቀይ ቀላቅዬ አዝዣለሁ። ቀይ ለሰርግ ነው፤ ነጭ ብቻ ለቀብር። ደረጀ መሃል ገብቶ ሙሽራዋ እሷ ናት አለ። አንተ ሙዝህን ሽጥ አልኩት።

ከዚያ ያላሰብኩትን አመጣ። ሩቂያን ያን ቀን ባትናገሪያት ኖሮ አሁን ሁለታችሁም አንድ ላይ ትሠሩት ነበር አለኝ። ባርኮት ጎንበስ ብላ ሳህን ታነሳ ጀመር። አንድ ቃል ነው የተናገርኳት። ሰው በሥራ መሃል አንድ ቃል አይናገርም?

የካቲት 20፣ ረቡዕ

ነነዌ ዛሬ ተፈታ። ነገ አበባው ይመጣል፤ አራት መቶ ፍሬ። ገላነሽ ልታግዘኝ ቃል ገብታለች። ልጄ በእኔ አበባ ትዳራለች፤ ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይህ አይጎድልም። ባርኮት አንድ ቀን ልጇን ይዛ ፎቶውን ስታሳይ፣ "ይህን ያደረገችው አያትሽ ናት" እንድትል እፈልጋለሁ። የሌላ ሰው ስም በዚያ ፎቶ ውስጥ እንዳይገባ። ያ ነው የምፈልገው። ጻፍኩት፣ ወጣልኝ።

የካቲት 21፣ ኀሙስ

መጣ። ውብ ነው። እምቡጡ ጥብቅ ያለ።

መጋዘኑ ሞልቷል፤ ረመዳን ሊገባ ስለሆነ ደረጀ ሙዝ በሙዝ አድርጎታል፣ እስከ ጣሪያ፣ እንዲበስል በሸራ የተሸፈነ። ማንጎውም አለ። እየገፋሁ ለአስር ባልዲ ቦታ አወጣሁ። በሩን ዘጋሁት፣ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ።

የካቲት 23፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት

ረግፏል።

በሩን ስከፍት ወለሉ ቀይና ነጭ። የቆመውም ስነካው ይራገፋል። አራት መቶ። ገላነሽ ጨርቋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ባርኮት ፀጉሯን ልትሠራ ወጥታለች። ድሬዳዋ ደወልኩ፣ እስከ ሰኞ የለም።

አንድ ቦታ ብቻ አለ።

በዚያው ቀን፣ ከሰዓት

ሩቂያ ጋ ሄድኩ።  በር ላይ ቆሜ አበባው ረገፈ አልኳት።

ለምን አላለችም። አንገቷን ደፍታ ቀስ ብላ፣ "እትዬ፣ አሁንም ሙዙ ቤት ነው የሚያሳድሩት?" አለችኝ።

እንግዲህ ልጻፈው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በደንበኛ ፊት፣ ይህንኑ ብላኝ ነበር። አበባውን የሚገድለው ሙዙ ነው፤ ሙዝ ሲበስል ትንፋሽ አለው፣ ትንፋሹ አበባውንም አብሮ ያበስለዋል፤ እናቴ ጫቷ አጠገብ ፍራፍሬ ሻጭ አታስቀምጥም አለችኝ። ሰው ሁሉ ሰማ። ፊቴ ጋለ። እኔም፣ "የጫት ሻጭ ልጅ ነሽ አበባ የምታስተምሪኝ?" አልኳት። በማግስቱ አልመጣችም። ሳትሰናበተኝ ወጣች ያልኩት ይህን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እሷ ግን ዛሬ ያንን አላነሳችም። መጋረጃውን ገለጠች። ከኋላ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈኑ ባልዲዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ነጭ። ነጭና አረንጓዴ ቅጠል። ለድንኳኑ የሚሆን፣ ለጠረጴዛው የሚሆን፣ የሙሽራ እቅፍ ሳይቀር ታስሮ።

የማን ነው አልኳት። "የአንዲት ሙሽራ ነው፤ ይውሰዱት" አለች። ሙሽራዋስ? "እሷ አትቀየምዎትም፣ ወላሂ።" ምን ዓይነት ሙሽራ ናት አበባዋን ለሰው የምትተው? ሰርጓ ፈርሶ ይሆናል፤ ምስኪን። ብቻ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ልክ ባርኮት የፈለገችው ዓይነት፣ ልክ የሚበቃን ያህል።

አንድ ነገር ለመንኳት። የማን እንደሆነ ለባርኮት እንዳትነግሪያት አልኳት። ሩቂያ ዓይኖቿን ወለሉ ላይ ተክላ፣ "እሺ፣ ከእኔ አይወጣም" አለች። ደረጀ መኪና ይዞ መጣ። ባልዲ ሲሸከም ምንም አልጠየቀኝም፤ ይህም ገረመኝ።

የካቲት 24፣ እሑድ

ዳርኳት። እግዚአብሔር ይመስገን። ደክሞኛል፣ አልጽፍም።

የካቲት 26፣ ማክሰኞ

ያየኝ ሁሉ አበባውን ነው የሚያነሳው። እጅሽ ይባረክ፣ ይላሉ። አሜን እላለሁ። አሜን ባልኩ ቁጥር ወደ ሌላ ወሬ እሻገራለሁ።

ሩቂያ ሰርጉ ላይ ነበረች፤ ከእናቷ ጋር ዳር ተቀምጣ። አንዲት አማቻችን አጠገቧ ቆማ አበባውን የሠራችው የሙሽራዋ እናት ናት ስትላት አየኋት። ሩቂያ ማሻአላህ አለች። እዚያው ብታዋርደኝ፣ የእኔ ነው ብትል፣ እንዴት በጠላኋት! እንድጠላት እንኳ ዕድል አልሰጠችኝም። በአበባ በልጣኛለች፣ አሁን ደግሞ በደግነትም በለጠችኝ። ለእኔ ምን ተረፈኝ?

ባርኮት የነበረችበት ክፍል ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያስቀረሁት እቅፍ እንዳለ ነው።

መጋቢት 1፣ እሑድ

ቅበላ ነው፤ ልጆቹ ምሳ ሊበሉ መጡ። አማቼና ደረጀ ጓሮ ሲወጡ ከባርኮት ጋር ቀረን። እቅፉ ስምንት ቀኑ ነው፤ አንዱም አልረገፈም። እሷ እሱን እሱን ታያለች።

ማታ ማታ ስለማመደው የሰነበትኩትን አወጣሁት። "ይህ የእኔ አይደለም። የሩቂያ ነው። የእኔ ሁሉ ረግፎ፣ የሌላ ሙሽራ አበባ ለምኜ አመጣሁልሽ" አልኳት።

ልጄ እጄን ያዘች። "ሙሽራዋ እኔ ነኝ እማ" አለችኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሩቂያ ጋ ሄዳ አበባውን አዛለች። ከሥራ ስትወጣ እየሄደች ሩቂያን ስታግዝ ግንድ መልምላለች፤ ያ ጭረት የድመት አልነበረም። የእናቴ ካልተበላሸ የእናቴን እጠቀማለሁ፣ ከተበላሸ እንዳታፍር አንቺ ጋ ይኑር ብላታለች። ደረጀም ያውቅ ነበር። ሩቂያም እኔ በሯ ላይ ስቆም፣ እንዳትነግሪያት ብዬ ስለምናት፣ ሁሉንም እያወቀች እሺ አለችኝ።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እጄን ሳትለቅ፣ "ሩቂያን ያልሻትን እኔንም እንዳትዪኝ ፈርቼ" አለች።

ይህን ስትል ድምጿ ልክ ልጅ ሆና ብርጭቆ ስትሰብር እንደነበረው ነው። እኔ ሩቂያ ልጄን ትወስድብኛለች ብዬ ስፈራ፣ ልጄ እኔን ትፈራኝ ኖሯል። ሩቂያ ዘንድ ሄዳ ያለ ፍርሃት በተቀመጠችባቸው በእነዚያ ከሰዓቶች ሁሉ እቀናለሁ። አሁን ቅናት ነው፤ ስሙን አልለውጥም። አበባው ለሷ ይሁን። እነዚያን ከሰዓቶች ግን እኔ ነበርኩ ማግኘት የነበረብኝ።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ጾሙ የሁላችንም በአንድ ቀን ገባ፤ ዐቢይ ጾምም ረመዳንም ሰኞ። ሰርግ የለም፣ ገበያ ቀዝቃዛ ነው። ጀጎል ሄድኩ። ዛሬ ቅመም አላልኩም።

ሩቂያ ሱቅ ውስጥ አንዲት ደንበኛ ነበረች፤ ለታመመ ሰው አበባ የምትገዛ። እናትየው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ወደ እሳቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ያን ቀን ለልጅዎ የተናገርኩት ቃል የተሰነዘረው እርስዎ ላይ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። "አላህ ይቅር ይበለን፣ ተነሺ ልጄ፣ ጾም ነው፣ አታድክሚኝ" አሉኝ።

ደንበኛዋ ግራ ገብቷት እኔ ማን እንደሆንኩ ሩቂያን ጠየቀች። ሩቂያ ሳታመነታ፣ "አስተማሪዬ ናቸው፤ ያለኝን ሁሉ የተማርኩት ከሳቸው ነው" አለች።

ደረቴ ሞቀ። ዝም ብል ያልፍ ነበር፤ ሰው ሁሉ አምኖት ይቀር ነበር። አሜን የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር።

"ማሰር ብቻ ነው ያስተማርኳት" አልኩ። "እንዴት እንደሚቆይ አላውቅም። ዛሬ የመጣሁት ልማር ነው።"

ሩቂያ አየችኝ። አላቀፈችኝም፣ አላለቀሰችም። ከኋላ አንድ ባልዲ፣ ሳሙናና በረኪና አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችና፣ ሁሉም ነገር ከዚህ ነው የሚጀምረው፣ ዕቃው ከቆሸሸ ግንዱ ይዘጋል አለችኝ። አስራ ሁለት ዓመት ባልዲ አጥቤ አላውቅም፤ ውሃ የሚይዝ ነገር ምን ይቆሽሻል እያልኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ አጠብኩት፤ ውስጡን፣ ውጭውን፣ እጀታውን። ሰጠኋት። ብርሃን ላይ አውጥታ ጣቷን በባልዲው ውስጥ ታችኛው ዙሪያ ላይ አዞረች።

"ገና ነው እትዬ፤ ይድገሙት" አለችኝ።

ደገምኩት።